መድኃኒት የለመደ ቁስል

የእንጅባራ ጭጋግ ገና ከቤቶቹ ጣሪያ አልተነሣም ነበር። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያዋ ቤዛዊት ወደ ሥራዋ ለመሄድ ከመናኸሪያው በር ባጃጅ ስትሳፈር፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ቀድመው ተቀምጠው አገኘች። ሰላምታ ተለዋወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ከሽማግሌው እጅ አንድ ፌስታል አመለጠና ቀይና ቢጫ እንክብሎች ከእግራቸው ሥር ተበተኑ።

ቤዛዊት ጎንበስ ብላ ስትለቅም ደሟ ፈላ። እንክብሎቹ ማሸጊያ የላቸው፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አልተጻፈባቸው።

«አባቴ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ከአገሬ ከአዘና፣ ከምስጋናው ሱቅ። ጨውም ሳሙናም ይሸጣል፤ ሰው ሲታመም ደግሞ ይደርስልናል፣ እግዜር ይስጠው።»

«ለማን ነው?»

«ለልጄ ለሸጋ። በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሉ መግል ቋጠረባት። ሆስፒታል ተኝታ መርፌ ይወጓታል፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። እኛን ውጤት ጠብቁ ይሉናል። እኔ ከእንግዲህ አልጠብቅም! ይህን እንክብል ፈትቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ እነሰንስላታለሁ። የቀረውን ትውጠዋለች።»

ቤዛዊት ሸጋን ታውቃት ነበር። ከቁስሏ የተወሰደውን መግል ጀርሙ ተለይቶ እንዲበቅል በሳህን ላይ የዘራችው እሷው ናት።

«አይደረግም!» ብላ ጮኸች። የባጃጁ ነጂ እንኳ ዞር ብሎ አያት።

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። አቶ ይኸነው ይባላሉ፤ በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ቆጣ ብሎ የማይናገራቸው ገበሬ ናቸው። «አንቺ ማነሽና ነው የምትቆጪኝ? ይህ እንክብል እኮ ቤቴን ያቆመ ነው። ሲያስለኝ ሁለት ውጬ በማግሥቱ አርሳለሁ።»

«ጉንፋኑ እንክብሉን ባይውጡትም ይለቅዎ ነበር። የተረፈውንስ ምን ያደርጉታል?»

«አስቀምጬ ጎረቤት ሲታመም አካፍላለሁ። ይህም ክፋት ሆነ?»

«ክፉ ሰው ቢሆኑማ በቀለለኝ! የሚያናድደኝ ደግነትዎ ነው። ሁለት ውጠው ሲተዉት ደካማው ጀርም ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል። የተረፈው ይራባና መድኃኒቱን ይላመደዋል። ከዚያ ወዲያ ያንኑ እንክብል በቁና ቢሰፍሩለት አይሞትም። ከእርስዎ ወደ ልጅዎ፣ ከልጅዎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።»

«ጀርም ትምህርት ቤት ገባ በይኛ!» አሉ አቶ ይኸነው በምፀት። «እሺ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ጤና ኬላው መድኃኒት አልቋል ሲለኝ የት ልድረስ? የግል ክሊኒኩ ሳይመረምር ወረቀት ጽፎ ሲሰጠኝስ? የተማረው ሲያጠፋ ዝም፣ ገበሬው ሲያጠፋ ቁጣ!»

ቤዛዊት ይህን አልካደችም። ያሉት እውነት ነበር። ሳይመረመር ስለሚታዘዘው መርፌ በባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ተናግራ «አታካብጂ» የተባለችበት ቀን ትዝ አላት።

«በእነሱስ የባሰ እቆጣለሁ፤ እያወቁ ነው የሚያጠፉት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገር ግን የእነሱ ጥፋት የእርስዎን እንክብል መድኃኒት አያደርገውም። የሸጋን ውጤት የማነበው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ይደርሳል። እስካሳይዎ ድረስ ቁስሉን እንዳይነኩት፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ።»

በእመቤታችን የተያዘ ሰው እምቢ አይልም። አቶ ይኸነው በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና ፌስታሉን ኪሳቸው ከተቱ።

ረፋድ ላይ ቤዛዊት ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ጠራቻቸው። ክዳኑ የታሸገ ክብ ሳህን በመስታወቱ በኩል አሳየቻቸው።

«ይህ ደመና የመሰለው የልጅዎ ቁስል ጀርም ነው። ትንንሾቹ ክብ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው የተለያየ መድኃኒት አላቸው። መድኃኒቱ ጀርሙን ከቻለው ዙሪያው እንደ አውድማ ይጠራል።»

«የእኔ እንክብል የትኛው ነው?»

ቀይና ቢጫውን እንክብል በቀለሙ ለይታው ነበርና በጣቷ አመለከተቻቸው። ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ግጥም ብሎ በቅሏል።

«መርፌውስ?»

እሱም እንዲያው ነበር። ከሁሉም መካከል ዙሪያው የጠራው አንዱ ብቻ ነው።

አቶ ይኸነው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። «ሰርዶ ነው» አሉ። «ሰርዶን አንዴ አርሰሽ ከተውሽው ቁራጩ ሁሉ ሌላ ሰርዶ ይሆናል። ሸጋ ነፍሰ ጡር ሳለች ሽንት ሲያቃጥላት ይህንኑ ገዛሁላትና ሲሻላት በቃሽ አልኳት።» ድምፃቸው ተሰበረ። ወዲያው ግን ቀና ብለው አፈጠጡባት። «ይህን ለምን ገበያ መሃል አታሳዩም? ከመስኮት ጀርባ የተደበቀ ዕውቀት ለማን ነው?»

በዚያች ደቂቃ ቤዛዊት የተናደደችው በራሷ ነበር።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱን ለወጠ። የሚሠራው መድኃኒት በከተማው ታጥቶ የሸጋ ባል ውብአየሁ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አመጣው። ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት፤ ቁስሉም ገጠመ። ስትድን መድኃኒቱን ልታቋርጥ ብትል አባቷ አልጋዋ አጠገብ ቆመው እስከ መጨረሻው አስወሰዷት።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ አቶ ይኸነው ቤዛዊትን ወደ አዘና አስጠሯት። እድርተኛው ተሰብስቧል። እሷ የሳህኑን ፎቶ በስልኳ እያዞረች አሳየች፤ እሳቸው ተናገሩ። ባለሱቁ ምስጋናው ተነሥቶ «እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጠዋል» አለ።

«ሌላው ይሽጠው!» ብለው ጮኹ አቶ ይኸነው። «አንተ ግን የእኛ እድርተኛ ነህ። ስትሞት የምንቀብርህ እኛ ነን። አስቀድመህ እኛን ከጨረስከን ማን ይቀብርሃል?»

የሳቀ አልነበረም። ደብሪቱ የምትባል እናት ግን «ታዲያ ልጄ ሲታመምብኝ የት ልውሰደው?» ብላ ጠየቀች።

«ወደ ጤና ኬላ» አለች ቤዛዊት። «መድኃኒት የለም ካሏችሁ ሁላችሁም ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ተመርምሮ የታዘዘውን፣ በልኩና እስከ መጨረሻው የወሰደ ራሱን ያድናል። ያልታዘዘለትን ያልዋጠ ደግሞ መድኃኒቱ ለጎረቤቱም መሥራቱን እንዳያቆም ይረዳል። መድኃኒቱ መሥራቱን ካቆመ ምጥ ያስፈራል፣ ማረሻ የቧጨረው እግር እንኳ ይገድላል።»

እድሩ ተስማማ። ጤና ኬላውን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ በሱቅ እንክብል መሸጥም ተከለከለ። ምስጋናው ከመደርደሪያው ያወረደውን ካርቶን ተሸክሞ በደንቡ እንዲወገድ ወደ ሆስፒታል ወሰደው። አቶ ይኸነው ዱላቸውን ይዘው ከኋላው ተከተሉት። ቁጣቸው አልበረደም ነበር። ቤዛዊትም እንዲበርድ አልፈለገችም።