ወደ ደልጊ የሄደችው ጀልባ

የቃል ሰጪው ስም፦ አለበል ደሞዝ
ዕድሜ፦ 39
ሥራ፦ የእጅ ሥራ መምህር
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቀበሌ 05
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ስሜ ከላይ የተጻፈው እኔ፣ ስለ መምህር አስናቀ ሀብተ ሥላሴ መኮብለል ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

መምህርነት የጀመርሁት መሸንቲ ነው። ወደ ባሕር ዳር ከተዛወርሁ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ወንበር ይጠግናሉ፣ ቆርቆሮ ይቆርጣሉ፣ መበየድ ይለማመዳሉ። ሌሎቹ መምህራን ትምህርቱን እንደ ጨዋታ ስለሚቆጥሩት ወደ ወርክሾፑ ዝር አይሉም። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሞተር ነው። ባለፈው ዓመት የተጣለ የውሃ መሳቢያ ሞተር በፈቃድ ወስጄ ጠገንሁና ከተማሪዎቼ ጋር በሠራናት የእንጨት ጀልባ ላይ ገጠምነው። ጀልባዋ ከዳር ሳትርቅ እንድትሞከር የተሰጠው ፈቃድ በእኔ ስምና ኃላፊነት ነው።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር የሆነው አስናቀ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ወርክሾፑ መመላለስ ጀመረ። «አንተ ለልጆቹ ሙያ ትሰጣለህ፤ እኛ ጠመኔ ነው የምንጨርሰው» አለኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለኝ ባልደረባ ስላልነበረ እጅግ ደስ አለኝ። ሞተር ማስነሣቱን፣ ሲግል ማሳረፉን፣ በማዕበል ጊዜ አቅጣጫ መያዙን አስተማርሁት። በአንድ ጀሪካን ነዳጅ እስከ የት እንደሚደረስ ሲጠይቀኝም የሙያ ፍቅር መስሎኝ በዝርዝር ነገርሁት።

ቅዳሜ መጋቢት 3 ቀን፣ ለቅበላ ወደ እናቴ ቤት መሸንቲ ልሄድ ስነሣ፣ «ነገ ሞተሯን ትንሽ ላሙቃት፤ ቁልፉን ተውልኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ሰኞ ስመለስ እሱም ጀልባዋም የሉም። የሐይቁን ዳር የሚጠብቁትን አቶ ገብረ ኪዳንን ብጠይቃቸው፣ «ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ዕቃ አድርስ ብሎ አለበል ልኮኛል አለኝ። ያንተን ስም ባይጠራ መች እለቀው ነበር?» አሉኝ። በዚያው ሰዓት ለቀበሌው ራሴ አመለከትሁ። ፈቃዱ በእኔ ስም በመሆኑ «አስኮብልለሃል» ተብዬ ታሰርሁ።

በመካከላችን ስምምነት እንደነበረ ተጠይቄ፣ አልነበረም ብያለሁ። ከደልጊ በየብስ ወደ ሱዳን መሻገሩን የሰማሁት እዚሁ ጣቢያ ነው። ጉዳዩን ቢያጫውተኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ስሜን ለዘበኛ ሰጥቶ መሄዱ ግን እጅግ አሳዝኖኛል። ከመታሰሬ ይልቅ ያንገበገበኝ ደግሞ እነዚያን ወራት ሁሉ ሙያዬን የወደደልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ መደሰቴ ነው።

መጋቢት 12 ቀን ጀልባዋ ደልጊ ዳርቻ ተጥላ ተገኝታ በመንግሥት ጀልባ እየተጎተተች ስለመጣች፣ ለመለየት በፖሊስ ታጅቤ ወደ ሐይቁ ተወሰድሁ። የእኔዋ መሆኗን አረጋገጥሁ። የአስናቀ ባለቤት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሁለት ልጆቿን ይዛ በዚያ ቆማ ነበር።

«ጋሼ አለበል፣ ሲሄድ ምን አለዎ?» አለችኝ።

«ሞተር አሞቃለሁ ነው ያለኝ» አልኋት።

«እኔንም ለቅበላ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ ነው ያለኝ» አለች። ቀጥላም ጀልባዋን አየት አድርጋ፣ «እርስዎስ ጀልባዎ ተመለሰችልዎ» አለችኝ።

የሰጠሁት ቃል ተጽፎ ሲነበብልኝ ሰምቼ፣ ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት እውነተኛ ቃሌ በመሆኑ በፈቃዴ ፈርሜበታለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አንዳርጋቸው ተክለ ጊዮርጊስ
ፊርማ፦ ____________