ሦስቱ ጉልቻ

«እማ፣ ያቺ ሴትዮ ልጆቿን ታበላለች፣ እሷ ለምን አትበላም?» አለችኝ ልጄ። ይቺው አሁን አረብ አገር ያለችው፣ ያኔ ተማሪ ነበረች። በእኛ ጊዜ ልጅ እንዲህ ሲጠይቅ «ዝም በይ» ነበር መልሱ፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋን ልብ ብዬ ማየት ያዝሁ።

ጦርነቱን ሸሽተው የመጡት ሰዎች እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አርፈው ነበር፣ እና እኛ የሰፈሩ ሴቶች በተራ እያበሰልን እናደርስላቸው ነበር። ሴትዮዋ ዘይነባ ትባላለች፣ ሁለት ልጆች ይዛ ነው የመጣች። ታዲያ እኔ ምን አሰብሁ? እስላም ናትና የእኛን ወጥ ጠርጥራ ነው አልሁ። «እቴ፣ ሥጋ የለበትም፣ ምስር ነው» አልኋት። «አውቃለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለችና ሳህኑን ወደ ልጆቿ ገፋችው። በማግስቱ ጎረቤቴን ከድጃን አስበስዬ ወሰድሁላት፣ አሁንም ያው! አንድ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ በቃ። እየከሳች ሄደች።

ታዲያ ከሳምንት በኋላ አጠገቧ ቁጭ አልሁና «ምን በደልንሽ?» አልኋት።

«ወላሂ ምንም! አየሽ እቴ፣ አገሬ ሳለሁ ልጆቼ ሲርባቸው ‹ኡሚ› ብለው ወደ እኔ ነበር። አሁን ሲርባቸው በሩን ነው የሚያዩት፣ እናንተን ነው የሚጠብቁ። እና እኔ ምናቸው ነኝ? ጉሮሮዬ እንቢ አለኝ።»

«ምን ይሻልሻል?»

«ዱቄትና እሳት።»

ማታ ነቅዬ ልወስድላት አስቤ ጉልቻዬን ሳይ ባለቤቴ ገባውና «አንቺ ሴት፣ ቤቴን ልታፈርሽው ነው? ሐይቁ ዳር ድንጋይ ሞልቶ!» አለኝ። «ያማ ውኃ የጠጣ ድንጋይ ነው፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ይኼ አማቴ ስዳር የተከለችልኝ ነው፣ እሳት ለምዷል» አልሁት። ሳቀና ተወኝ።

አሁን ዘይነባ አገሯ ገብታለች ይሉኛል፣ ከሄደች ወዲህ ድምጧን ሰምቼ አላውቅም። ልጄም በስልክ «እማ፣ በላሽ?» ትለኛለች። እሷስ ሲርባት የማንን በር ታያለች እያልሁ፣ ለሁለቱም እስጢፋኖስን እለምናለሁ። ይናፍቁኛል፣ ምን ልበላችሁ።

ያኔ ታዲያ በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን ጉልቻ በቅርጫት አዝዬ፣ ዱቄቱን ልጄን አስይዤ ሄድሁ። ከድጃ መንገድ ላይ አየችኝና «ኧረ ጉድ! ዛሬ ደግሞ ድንጋይ ልታበያቸው ነው?» ብላ ሳቀች፣ ግን ድስት ይዛ ተከተለችኝ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ለምነን ከግንቡ ጀርባ ተከልነው። ዘይነባ ጭራሮ ለቅማ አነደደች፣ ገንፎ ማገንፋት ጀመረች። ትንሹ ልጇ በሩን ትቶ መጣና «ኡሚ፣ አልደረሰም?» አላት።

«ታገሥ፣ እንግዳ አለብን» አለችው። እና መጀመሪያ ለእኔ አወጣችልኝ። «ብይ እንጂ፣ እቴ» አለችኝ፣ እሷም ከኔው ሳህን ቆረሰች። አብረን በላን።