የፀሐይ ቀዳዳና የኦቦ ሞረዳ ሬድዮ

በ1966 ዓ.ም. በጥር ወር ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ተመልሼ ከአውቶቡስ እንደ ወረድሁ፣ ጎረቤታችንን ኦቦ ሞረዳን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው ይሄዳሉ። ቀረብ ብዬ እጅ ስነሣ ሬድዮአቸው ሆኖ አገኘሁት። የከተማው ሬድዮ ጠጋኝ ከፍቶ አይቶ ምንም እንዳልሆነ ነግሮ መልሶላቸዋል።

ኦቦ ሞረዳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በሰፈራችን ሬድዮ ያላቸው እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ማታ ማታ ጎረቤቱ በረንዳቸው ላይ ተሰብስቦ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ዜና ይሰማል። ከመኸር ወዲህ ግን ሬድዮው በየወሩ ለጥቂት ቀናት ድምፁ እየሰመጠ ይንሿሿል፤ ከዚያም ሳይነኩት ይድናል።

«አከም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «በሽታውን ደርሼበታለሁ። ዘርፈሽ ናት።»

ዘርፈሽ የአርጆ ቀጥቃጭ ሚስት ናት። ባሏ የሠራውን ማጭድና ማረሻ ይዛ በየወሩ ገደማ ወደ ነቀምቴ ገበያ ትመጣለች፤ ስትመጣም በእርሳቸው ግቢ ታድራለች። የቀጥቃጭ ዓይን ይወጋል የሚል አሮጌ እምነት ስላለ፣ ኦቦ ሞረዳ በዚያው ዕለት ጧት ጎረቤት እያየ ዕቃዋን አውጥተው አሰናብተዋታል። በማግስቱም ማንም እንዳያሳድራት ለሰፈሩ ሁሉ ሊናገሩ ነው። አርጆ ሩቅ ነው፤ ማደሪያ ካጣች ገበያው አበቃ፣ ልጆቿም የሚበሉት አጡ ማለት ነው።

ሽማግሌን መቃወም ለእኔ ከባድ ነው። ቢሆንም አብረን እያዘገምን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ኦቦ ሞረዳ፣ ጥፋቱ የፀሐይ ይመስለኛል» አልኋቸው።

«የፀሐይ? እሷንስ ከማን ግቢ ላስወጣት?»

ወደ ጠፈር የተላኩ ሰዎች ያዩትንና በዩኒቨርሲቲ የተማርነውን በቀስታ ነገርኋቸው። ፀሐይን የከበበው የጋለ አየር በአንዳንድ ቦታ ይሳሳል፤ በልዩ መነጽር ሲያዩት ጥቁር ቀዳዳ ይመስላል። ከዚያ የሚወጣው ረቂቅ ነፋስ በጥቂት ቀን እኛ ዘንድ ደርሶ፣ የሬድዮ ሞገድ ነጥሮ የሚመለስበትን የላይኛውን አየር ያውካል።

«ቀዳዳ ካላትማ የወለጋ ዝናብ ገብቶ ባጠፋት ነበር» ብለው ሳቁብኝ። ጥቂት ሄደው ግን ቆሙ። «እሺ፤ በየወሩ የሚሆነው ስለምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ያለው ቅል ውኃ ሞልተው በገመድ ቢያንጠለጥሉና ቢያዞሩት፣ ቀዳዳው ወደ እርስዎ በዞረ ቁጥር ይረጭዎታል። ፀሐይም ከእኛ ሆነው ሲያዩዋት በሃያ ሰባት ቀን ገደማ ዞራ ትመለሳለች።»

በፀሐይ ፊት ላይ የሚታየው ነጠብጣብ በእነዚህ ዓመታት እየቀነሰ፣ እርሷም ወደ ጭምትነቷ ዘመን እየገባች መሆኗን ጨመርሁ። ይህን ሲሰሙ በቃሌ ያዙኝ።

«ጭምት ናት ካልሽ፣ ከጭምት ቤት እንዲህ ያለ ነፋስ ይነሣል?»

«በሁከቷ ዘመን ማዕበሏ ድንገተኛ ነው፤ ቀጠሮ የለውም። ስትረጋ ግን ቀዳዳው ለወራት ሳይደፈን ይቆያል፤ ስለዚህ ያው ነፋስ ይመላለሳል። የዘርፈሽ መምጣት ከዚያ ጋር ተገጣጠመ እንጂ እርሷ አላመጣችውም።»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ሽማግሌ ማሳፈር ነው እንዴ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሆኖም አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ የሚመጣው ወር እስኪታይ ለሰፈሩ እንዳይናገሩ። ዘርፈሽ በሌለችበት ሬድዮው ከታወከ እርሷ ነጻ ናት። ካልታወከ እኔ ዳግመኛ በዚህ ነገር አፌን አልከፍትም። ነፋሱ ሊዘገይ፣ ሊደክምም ይችላልና ቃሌ ድፍረት ነበር። እርሳቸውም እያቅማሙ ተስማሙ።

በየካቲት የዘርፈሽ ልጅ ስለ ወለደች፣ ዘርፈሽ እርሷን ልታርስ አርጆ ቀረች። እኛ እንደ ልማዳችን በረንዳው ላይ ነበርን። ዜናው እንደ ተጀመረ ድምፁ ሰመጠ፤ መንሿሿት ሆነ። ያን ጊዜ የሁሉም ፊት ወደ በረንዳው ጫፍ ዞረ፤ ዘርፈሽ ሁልጊዜ ለብቻዋ የምትቀመጠው እዚያ የማገዶው ክምር አጠገብ ነው። ማንም አልነበረም። ኦቦ ሞረዳም ከሁሉ ጋር ዞረው ነበር። 

«ሴቲቱን ያለ ጥፋቷ አባረርኋት» አሉ፤ ሬድዮውንም ሳይዘጉ ገቡ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቅዳሜው ገበያ ዘርፈሽን ማጭዶቿን ዘርግታ አገኘናት። ኦቦ ሞረዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሰው ፊት በድዬሻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ። ሬድዮውን ያወከው የፀሐይ ነፋስ ኖሯል» አሏት።

እርሷ ማጭዱን መወልወሏን አላቆመችም። «እግዜር ይቅር ይበልዎ። ግን ኦቦ ሞረዳ፣ ሬድዮው ደኅና ሳለ እኔን ከማገዶው ጋር ያስቀመጠኝ የምን ነፋስ ነው?»

ገበያተኛው ጆሮውን አቅንቷል።   ገበያው ሲፈታ ኦቦ ሞረዳ የዘርፈሽን ሸክም በገዛ ትከሻቸው አንሥተው፣ ሰው እያያቸው በከተማው መካከል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ማታ በረንዳው ላይ ዘርፈሽ በኦቦ ሞረዳ ባለቤት በየሺወርቅና በእናቴ መካከል ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሬድዮው ሲንሿሿ ማንም ወደ ኋላ አይዞርም፤ ቀኑን አስቀድመን ስለምናውቅ ጨዋታ እያወጋን እንጠብቃለን። ጠጋኙ ዘንድ መመላለስ ቀርቷል፤ ገበሬውም ማጭዱን አርጆ ሳይወርድ ይገዛል። አእምሮ የሰጠን አምላክ ምክንያት ስንፈልግ አይቆጣም፤ ምክንያቱን ሳንመረምር በደካማ ላይ ስንጥለው ግን ያዝናል። እኔ ያስረዳሁት የሰማዩን ብቻ ነበር፤ የበረንዳው ጉዳይ የሁላችንም ዕዳ ሆኖ ኖሯል።

ከዚያ ገበያ በኋላ በነበረው እሑድ ኦቦ ሞረዳ በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ መካከል ተነሥተው፣ የቀጥቃጭ ቤተሰብ ከኋላ ተለይቶ መቀመጡ ቀርቶ ከእንግዲህ በየትኛውም ወንበር ይቀመጥ ዘንድ ጠየቁ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩም።