የአባቷ ግንባር

ከሐይቅ ወደ ደሴ በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ሠርጓን ያነሳላትን ፎቶ አንሺ አጠገቧ አገኘችው።

«ከጦርነቱ ወዲህ ስፈልግህ ነበር። ከሠርጉ የአባቴን ፎቶ ላሳጥብ ብል ግንባሩ ላይ ያ ጥቁሩ የሱጁድ ምልክቱ የለም።»

«ያንቺን ፊት አስተካክዬ ያንኑ ኤዲት በአንድ ጊዜ በሁሉም ፎቶ ላይ ጫንኩት። ፊት ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ሁሉ ያጠፋል።»

«አባቴንም ከእኔ ጋር ሙሽራ አደረግሁት በለኛ።»

«ያኔ ማንም አልነገረኝም እኮ።»

«ያኔ እሱ ራሱ አብሮን ነበር፤ ፎቶውን ማን አየው?»

«አላህ ይርሐመው።»

«አሚን። ያልተነካውን ኦርጅናል ስጠኝ።»

«ወላሂ የለም። ስቱዲዮው ሲዘረፍ ከኮምፒውተሩ ጋር ሄደ።»

ፎቶ አንሺው ቶሎ ብሎ ቀጠለ።

«አብሽሪ፣ ቦታውን ካሳየሽኝ ምልክቱን እኔው በኮምፒውተር እሠራዋለሁ። ማንም አይለየውም።»

«እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰግዶ ያመጣውን?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እህቴ?»

«ተወው። እንዳለ እጠብልኝ፤ ቦታውን እኛ እናውቀዋለን።»

ደሴ እስክንገባ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ የሱጁድ ምልክት ያለበትን የሾፌሩን ግንባር ስመለከት ቆየሁ።