የሊንደን ማደሪያ የስልክ ሰዓት

የአሜሪካ የምስጋና በዓል ዕረፍት አልቆ ተማሪው ሁሉ ወደ ኮሌጁ በሚመለስበት እሑድ፣ የሊንደን የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ሚስስ ፎግል እህታቸው ዘንድ ሰንብተው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ክፍት የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ከጎኑ ማን እንደተቀመጠች ሲያዩ ቆመው መሄዱን መረጡ።

ሹፌሩ ግን በመስታወቱ አይቷቸው፣ "እመቤት፣ በዚህ በረዶ ቆሞ መሄድ የለም፤ ይቀመጡልኝ" አለ። ተቀመጡ።

ልጅቷ ሲግኔ ቶርስታድ ትባላለች፤ የሁለተኛ ዓመት የመምህርነት ተማሪና የወተት ገበሬ ልጅ ናት። ከበዓሉ በፊት የማደሪያውን የስልክ ሣጥን ከፍታ ስትደውል ተይዛለች። የከሰሷት ሚስስ ፎግል ራሳቸው ሲሆኑ ነገ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ኮሌጁ ሴት ተማሪ ከማደሪያው ውጭ እንድታድር አይፈቅድምና፣ ከሊንደን መባረር ማለት ትምህርቱንም ማቋረጥ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

በሊንደን አንድ ስልክ ብቻ አለ። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የሚገባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጓጉንቸር ባለው የእንጨት ሣጥን ይቆለፍበታል፤ ቢጮኽ ተረኛዋ ተማሪ ለመመለስ ብቻ በሚያገለግል ሌላ ማዳመጫ አንስታ "ነገ ይደውሉ" ትላለች እንጂ ማንንም አትጠራም። ሕጉን ያወጡት ሚስስ ፎግል ናቸው፤ ይኮሩበታልም።

ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ሚስስ ፎግል መታገሥ አቃታቸው።

"ቁልፌን ሰብረሽ ደግሞ አጠገቤ ቀና ብለሽ ትቀመጫለሽ?"

"አልሰበርኩም፣ ሚስስ ፎግል። በቅቤ ቢላ የማጠፊያውን ብሎን ነው የፈታሁት። ስጨርስ መልሼ አጥብቄዋለሁ። እንዲያውም ድሮ ይነቃነቅ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብሏል።"

"ላመስግንሽ እንዴ ታዲያ?"

"እሱን እንኳ አልጠበቅኩም።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ያ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ታውቂያለሽ? ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አንዷ ከወንድ ጓደኛዋ ተጣልታ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ፣ ሌላዋ ፈተናዋን ማጥናት አቅቷት ጆሮዋን ይዛ ስትንቆራጠጥ! ሥርዓት ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ወላጆች በደብዳቤ ያመሰግኑኛል።"

"የማን ወላጆች?"

"የማን ማለት ምን ማለት ነው? የዶክተሩ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ የ..."

"የከተማ ሰዎች ናቸው። በአሥራ አንድ ሰዓት ከሥራ ገብተው ጋዜጣ ይዘረጋሉ። የኔ አባት በአሥራ አንድ ሰዓት ላም ሥር ነው፤ እናቴም፣ ወንድሜም። ከበረት የሚወጡት እርስዎ ስልኩን ሲቆልፉ ነው። ሰዓቱን የመረጡት ገበሬ ቤት ውስጥ በማይገኝበት ቀዳዳ ለክተው ይመስላል።"

"ታዲያ አንድ ቀን ላሞቹ ትንሽ ቢጠብቁስ?"

ከፊት ያለው ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ይመስል የነበረ ሽማግሌ ገበሬ ዘወር አለ። "ላሟስ ትጠብቅዎት ይሆናል፣ እመቤት። ጡቷ ግን እሺ አይልም።" ባርኔጣውን ፊቱ ላይ መልሶ ደፋ።

ሚስስ ፎግል ፊታቸው ቀላ። የተማረ ሰው ያላወቀውን ነገር በሰው ፊት ሲነገረው፣ ነገሩ እውነት መሆኑ ይበልጥ ያስቆጣዋል፤ እሳቸውም ተቆጡ።

"እሺ፣ አይመቻቸው! ስለዚህ ሣጥን ይፈታል? ምን የሚያስቸኩል ነገር ነበረሽ?"

ሲግኔ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመልስ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። "የበቆሎ መሰብሰቢያው ማሽን አባቴን እጁን ያዘው። ወንድሜ ከሆስፒታል ደወለ፤ ሰዓት አልፏል። ተረኛዋ 'ነገ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይደውሉ' አለችው። 'አባታችን ሊሞት ነው' አላት። 'ይቅርታ፣ ደንብ ነው' አለችው። ጠዋት ከመልእክት ሣጥኔ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ፤ 'ወንድምሽ ደውሎ ነበር' ይላል። ሚስስ ፎግል፣ ወንድሜ በሕይወቱ ስልክ ደውሎልኝ አያውቅም። ያን ወረቀት ይዤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልቀመጥ?"

"አባትሽ..."

"ተረፈ። እጁ ግን የለም።"

ሚስስ ፎግል ጓንታቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። አንድ ወቅት እሳቸውም ከሆስፒታል የሚመጣ ወሬ የጠበቁ ሰው ናቸው። ስለ ባላቸው ግን ለማንም አንስተው አያውቁም፤ አሁንም አላነሱም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቁኝ? 'ከፈትሽ ወይስ አልከፈትሽም?' አሉ። 'ከፈትኩ' አልኩ። 'ውጪ' አሉኝ።"

"አዝናለሁ ልጄ፤ ከልቤ ነው። ግን ይኼ የተረኛዋ ጥፋት ነው እንጂ የደንቡ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አእምሮዋን መጠቀም ነበረባት።"

"አእምሮዋን እንዳትጠቀም የከለከሏት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? እኔ ልጆቼን ግዑዝ አላደረግኋቸውም! የተቸገረ ሰው ከደወለ ያገናኛሉ!"

ይህን ሲሉ አውቶቡሱ ተንሸራቶ አፍንጫውን የበረዶ ክምር ውስጥ ቀበረ። የተጎዳ የለም። ሹፌሩ ወርዶ ዞሮ አየና፣ በረዶ ጠራጊ መኪና እስኪመጣ ሁሉም መንገድ ዳር ባለው የገበሬ ቤት እንዲጠለል ነገረ።

ሚስስ ፎግልን ሌላ ሐሳብ ያዛቸው። እሑድ ማታ የማደሪያው በር በጊዜ ይቆለፋል፤ ጽዳት ሠራተኛዋም ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በየመንገዱ በረዶ የያዛቸው ልጆች ዘግይተው ሲደርሱ በዚያ ብርድ ደጅ ሊቀሩ ነው። ፈጥነው የቤቱን በር አንኳኩ። መብራት በርቷል፤ የሚከፍት ግን የለም። ደግመው ደበደቡ።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ቤቱ እንዲህ እየበራ!"

"ገና ማለብ አልጨረሱም" አለች ሲግኔ፤ ዞር ብላም ሳታይ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄደች። ከቆይታ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ካለፈ ወዲያ፣ ወፍራም ቦቲ ያጠለቀች ሴት ይዛ ተመለሰች። ሴትዮዋ ሚስስ ክሌቨን ትባላለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሁሉንም አስገባች፤ ስልክ የሚሹትን እንግዳም ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ወዳለው ስልክ ወሰደቻቸው። የአካባቢው ገበሬዎች ሁሉ በአንድ የጋራ መስመር ነበር የሚጠቀሙት። ሚስስ ክሌቨን እጀታውን አንስታ ጎረቤቷ ስታወራ ጥቂት ሰማችና ጮኸች።

"ኦልጋ! የዶሮሽን ወሬ ነገ ትጨርሺዋለሽ። እንግዳ አለኝ፣ መስመሩን ልቀቂ!"

ኦልጋ ወሬዋን አቆመች እንጂ ስልኩን አልዘጋችም። በዚያ አገር የጎረቤት ስልክ ሲጮኽ ማዳመጫ ማንሳት ነውርም ልማድም ነው። የኮሌጁ ከተማ የስልክ ኦፕሬተር አገናኘቻቸው።

"ሊንደን ማደሪያ" አለ የተረኛዋ ተማሪ ድምፅ።

"ዶሎረስ፣ እኔ ነኝ፤ ሚስስ ፎግል።"

"ይቅርታ፣ የስልክ ሰዓት አልፏል። ነገ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይደውሉ።"

"ሚስስ ፎግል ነኝ እኮ ነው የምልሽ!"

"አዎ። ባለፈውም አንዱ ድምፁን አቅጥኖ ሚስስ ፎግል ነኝ ብሎን ነበር።"

"ዶሎረስ፣ ስሚኝ! በሩ እንዳይቆለፍ! ልጆቹ በረዶ ላይ ቀርተዋል!"

"ምክንያት አንሰማም፣ እመቤት። እዚህ ተለጥፏል፤ 'ደዋዩ የሚያቀርበውን ምክንያት አትስሙ' ይላል።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ!"

ይኼኔ መስመሩ ውስጥ ኦልጋ ፈነዳች። "አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ በጥጥ ተደፍኗል? ልጆች በረዶ ላይ ናቸው እያሉሽ!"

አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ ተከተለ። "እኔ ዝም ብዬ ልሰማ ነበር፤ አሁንስ በዛ! አገናኚያቸው እንጂ!"

"ሚስስ ክሌቨን ቤት ናቸው፤ እኔ ምስክር ነኝ!" አለ ሌላ።

"ይኼ ሁሉ ሰው ማነው?" አለች ዶሎረስ ደንግጣ። ዘጋችው።

ሚስስ ፎግል እጀታውን እንደያዙ፣ የተማሪ ወላጅ ሆኖ ወደ ሊንደን መደወል ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ከመስመሩ ያልወጣችው ኦፕሬተር ነበረች የደረሰችላቸው። "እመቤት፣ አይጨነቁ። ባሌን አሁኑኑ ወደ ማደሪያው እልከዋለሁ፤ በሩ እንዳይቆለፍ እዚያው ይቆማል። ደንቤ ይህን አይፈቅድም፤ ግን ሰው ነኝ።"

እጀታውን ሰቅለው ዘወር ሲሉ ሲግኔ ከኋላቸው ቆማለች።

"ባለጌ! ነገ ከተረኝነት አወጣታለሁ!" አሉ ሚስስ ፎግል።

"አይቆጧት፣ ሚስስ ፎግል። ታዛዥ ልጅ ናት። ለወንድሜም በዚሁ ድምፅ ይሆናል የመለሰችለት።"

ሚስስ ፎግል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሚስስ ክሌቨን ከድንች የተጋገረ ስስ ቂጣ በቅቤና በስኳር ጠቅልላ አቀረበችላቸው፤ ሳይነኩት ቆዩ።

"እሺ፣ አሸነፍሽኝ እንበል" አሉ በመጨረሻ። "ታዲያ እንደ ድሮው ሌት ተቀን ይጩኽ? የሚያጠኑትስ?"

"ማን እንደ ድሮው አለ? ሰዓት ይኑረው። ግን ለከተማ ልጆች አንድ፣ ከማለቢያ በኋላ ለኛ አንድ ይሁን። ለጨዋታ የሚደውል አጠር ያድርግ። ስልኩም ከኮሪደሩ ወጥቶ ከደረጃው ሥር ያለው ክፍል ይግባ፤ በሩ ከተዘጋ ማን ይረበሻል?"

"ሁሉም 'አባቴ ታሟል' እያለ ቢዋሽስ?"

ሚስስ ክሌቨን ከምድጃው ዘወር አለች። "ይዋሽ! አንድ ጎረምሳ ዋሽቶ ከወዳጁ ጋር ቢያወራ ምን ይጎድልብዎታል? አንድ እውነተኛ ቢመለስስ? የኛን መስመር አላዩም? ኦልጋ ቀኑን ሙሉ በወሬ ታቦካዋለች፤ እሳት ተነሣ ከተባለ ግን ሁሉም ዘግቶ ይለቃል። ሰው ያውቃል፣ እመቤት። አያውቅም ብለው የሚያስቡት እርስዎ ነዎት።"

ሚስስ ፎግል ቂጣውን አንስተው ቆረሱ። "ነገ ክሱን አነሣለሁ" አሉ።

"ለኔ ብቻ ከሆነ አልፈልግም" አለች ሲግኔ። "ደንቡ ካለ ነገ የሌላዋ አባት ነው።"

"ግትር ነሽ።"

"ከማን ጋር ስኖር ተማርኩት?"

ጠራጊው መኪና መንገዱን ከፍቶላቸው ሊንደን ሲደርሱ፣ የኦፕሬተሯ ባል በሩን አስከፍቶ ቆሞ አገኙት፤ ደጅ የቀረች ልጅ የለችም። በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ሚስስ ፎግል ቆመው ክሱን እንዳነሡ፣ የስልኩንም ደንብ እንደሻሩ ተናገሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ሚስስ ፎግል፣ አንዴ ከላላ ሥርዓት የሚባል ነገር አይኖርም" አሉ።

"ሥርዓት?" አሉ እሳቸው። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቷቸው የሚያውቅ አልነበረም። "የዚህች ልጅ አባት ሞትና ሕይወት መሃል ሆኖ፣ ሥርዓታችን ወንድሟን 'ነገ ደውል' አለው! እኔን እንኳ በገዛ ቤቴ አላስገባኝም! ሰዓት የምናወጣው ሰው እንዲገናኝ ነው። ሰው የሚያቋርጥ ከሆነ የደንቡ አውጪ ትባረር እንጂ ልጅቷ ለምን ትባረራለች?" ሲግኔ ቶርስታድ በማደሪያዋም በትምህርቷም ቀጠለች።

አዲሱ ሰዓት ከተለጠፈ በኋላ ሰብሳቢው የፈሩት አልደረሰም። ስልኩ በር ያለው ክፍል ስለገባ ኮሪደሩ ከቀድሞው ይልቅ ጸጥ አለ። ሁሉም በሁለት ሰዓት ውስጥ መሻማቱ ስለቀረ ወረፋውና ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ የዋሸም ቢኖር ጥቂት ነው። የገበሬ ልጆች የቤታቸውን ወሬ በሰዓቱ ስለሚሰሙ፣ ስጋት ይዟቸው ሳምንቱ ሳያልቅ ሻንጣ አንስተው መሄድ ተዉ። ተረኞቹም ደዋዩን "ምን ገጠመዎት?" ብለው መጠየቅ ተማሩ፤ ነገ መምህራን የሚሆኑ ልጆች ናቸውና፣ ከመጽሐፋቸው ያላገኙት ትምህርት ነበር።

በአዲሱ ሰዓት የመጀመሪያ ምሽት ተረኛ ሆነው የተቀመጡት ሚስስ ፎግል ራሳቸው ናቸው። ስልኩ ጮኸ። ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ድምፁን ከፍ ያደረገ፣ ግን የፈራ የሽማግሌ ገበሬ ድምፅ ነበር።

"ይቅርታ... ልጄን ማናገር... ይፈቀዳል ወይ? ሰዓቱ ነው?"

አንድ አባት ልጁን ለማናገር ፈቃድ ይለምናል፤ እንዲለምን ያስተማሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

"እርስዎ ከደወሉ ሰዓቱ ነው" አሉት። "ስሟን ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ እጠራታለሁ።"