የሰባቱ የወይራ ዛፎች ጠብ

ሸድሊ ከሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ወጥቶ ፊቱን አዙሮ ሊያልፍ ሲል ከዶክተር ራውያ ጋር ተገጣጠመ። የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ትከሻው ላይ አውጥቶ የወይራ ፍሬ ያስለቅማት ነበር።

«አሚ ሸድሊ! አጎቴ፣ ከእኔም ይደበቃሉ?»

«ምን እደበቃለሁ ልጄ? እርጅና ነው።»

«መዝገብዎን አይቻለሁ። ትልቁ አንጀትዎ ከቆሰለ አራት ዓመት ሆኖታል።»

ሸድሊ አንገቱን ደፋ። ይህን ነገር ከሐኪም በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በቀን አሥር ጊዜ የሚያስነሳው ሰው፣ አርብ አርብ በታላቅ ወንድሙ ለስዓድ ቤት አንድ ሳህን ኩስኩስ ከብበው ሲበሉ እንዴት ይቀመጥ? እውነቱን ከሚናገር ብሎ፣ ከአባታቸው በቀሩት ሰባት የወይራ ዛፎች ሰበብ ጠብ ፈጥሮ ቀረ። ከታማሚ ይልቅ ስግብግብ መባል ተሻለው! ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር የወንድሙን ቤት ሳቅ በመስኮት እየሰማ ብቻውን ደረቅ ዳቦ ይበላል። ብቸኝነቱ ከሕመሙ ይብስበታል።

«አዲስ መድኃኒት እየሞከርን ነው» አለችው።

«እኔ ጥንቸል ነኝ እንዴ?»

«ጥንቸሎቹማ ተራቸውን ጨርሰዋል» ብላ ሳቀች። «በሰውም ተሞክሮ ጉዳቱ ምን እንደሆነ ተጠንቷል። አሁን የምናጣራው ቁስሉን ከድሮው መድኃኒት የበለጠ ያድን እንደሆነ ነው። ግማሹ ሰው አዲሱን፣ ግማሹ የድሮውን ይወስዳል። ለማን የቱ እንደደረሰ እኔም አላውቅም።»

«አንቺ የማታውቂውን እኔ ልዋጥ?»

«ጥናቱን የሚመሩት ሰዎች እንዳላዳላ ብለው ነው የደበቁኝ። ካልተስማማዎ በፈለጉት ቀን ይተዉታል፤ ሕክምናዎ አይቋረጥም። ይድናሉ ብዬ አልምልልዎትም። እንዲሁ ተደብቀው ከኖሩ ግን አንጀትዎን ቆርጠን የምናወጣበት ቀን ሊመጣ ይችላል።»

ሸድሊ ብዙ ካሰበ በኋላ «እሺ፣ የት ልፈርም?» አለ።

«መጀመሪያ አንጀትዎን በካሜራ እናያለን። ማደንዘዣ ስለምንሰጥዎ ብቻዎን አንለቅዎትም። ሰው ይዘው ይምጡ።»

«ሰው የለኝም።»

«አሚ ለስዓድስ?»

«ተጣልተናል።»

«በዛፍ ነው በአንጀት?» አለችው ቀስ ብላ።

በማግስቱ ሦስት ቤት አልፎ የወንድሙን በር አንኳኳ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ደሙንም ውሸቱንም ሳይደብቅ ተናገረ።

ለስዓድ በሩን እንደያዘ «ዛፎቹን አልነካኋቸውም» አለ። «ወሰደብኝ እንዳትል ብዬ አራት መኸር ሙሉ ፍሬው መሬት ላይ ረገፈ። ምን በድዬህ ነው እያልኩ እኔ እንቅልፍ ሳጣ፣ አንተ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ትደማለህ?»

«አፍሬ ነው።»

«ግባ! በሩ አጠገብ ተቀመጥ። ስትነሳ የት ነው የሚልህ የለም።»

ለካሜራው ምርመራ ለስዓድ አብሮት ሄደ፤ መድኃኒቱም ተጀመረ። ሸድሊ የትኛው መድኃኒት እንደደረሰው እስከ ዛሬ አልተነገረውም። በስድስተኛው ወር ግን ካሜራው አብዛኛው ቁስል መጠገጉን አሳየ፤ ደሙም ቆመ። ሕመሙን ለሐኪምና ለዘመድ በመናገሩ ጤናውንም ወንድሙንም አገኘ። በመኸር ሰባቱን ዛፎች አብረው ለቀሙ። የረገፈውን የአራት ዓመት ፍሬ የሚመልስ መድኃኒት ግን የለም።