አመድ አፋሹ አመዴ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምትሰሙኝ ሁሉ፤ አንቺም እህቴ፣ የወዳጄ ባለቤት፤ እንደምን ዋላችሁ። ንግግር አልችልም። ካሜራ ይዤ ዝም ማለት ነው የለመድኩት። ግን ከዚህ ሰው ጋር በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጬ ሠርቻለሁና፣ ዛሬ ዝም ብል ነውር ነው።

ስሙን ታውቃላችሁ። እኛ ፎቶ ቤት ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። አመዴ ነበር የምንለው። ለምን አመዴ?

እኔ ጥቁር ሲሆን ጥላሸት፣ ነጭ ሲሆን ጥጥ ነው የምወደው። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን ከነጩ የምታፋጥጠዋን መቆጣጠሪያ አገኛትና እስከ ጥጓ እጎትታታለሁ። አንድ ቀን ጥቁር ኮት የለበሰ የጥበቃ ሠራተኛ ጥቁር መጋረጃ ፊት አቁሜ አነሳሁ። እንደ ልማዴ ጎተትኩ። ሰውየው ፎቶውን ሊወስድ መጣ። አየው፣ አገላበጠው፣ ደግሞ አየው። «ጭንቅላቴንስ አገኘሁት» አለ፤ «ገላዬን የት አደረጋችሁት?»

አመዴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መጣ። «ቀስ በል ወንድሜ» አለኝና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ጨለማውን ጥቂት በጥቂት አቀለለው። መጀመሪያ ኮሌታው ወጣ። ከዚያ ቁልፎቹ፣ አንድ በአንድ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። «በጥቁርና በነጭ መሀል ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ግራጫ አለ። አንተ ግን ሰላምታ ያለህ ከዳርና ዳሩ ጋር ብቻ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አመዴ አልነው። እሱም ስሙን ወደደው። «አመድ አፋሽ ከምባል አመዴ ብባል ይሻለኛል» ይል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ እህታችን እዚህ መሀላችሁ አለች። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ጉንጯ ላይ ቀላ ያለ ምልክት አላት። ፎቶ ልትነሳ ስትመጣ እጇ ከጉንጯ አይወርድም ነበር። ፎቶን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትለውጡ፣ ቀዩን ብታነጡት ቀይ የነበረው ሁሉ ይፈዛል፤ ብታጠቁሩት ይጎላል። ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ በጎ የሠራሁ መስሎኝ አነጣሁና ምልክቷን ድራሹን አጠፋሁት።

አመዴ እጄን ያዘኝ። «ቀስ በል ወንድሜ። ጠየቅካት?»

መች ጠየቅኳት? ሦስት አድርጎ አተመው። በአንዱ ምልክቱ የለም። በአንዱ ጠቁሮ ፊቷን ሞልቶታል። በአንዱ እንደ ራሱ ለስለስ ብሎ አለ። ጠረጴዛው ላይ ደረደረላትና እኔን በክንዴ ጎትቶ ሻይ ልንጠጣ ወጣን። ዓይናችን ሳያርፍባት ትምረጥ ብሎ ነው። ስንመለስ ለስለስ ያለውን ይዛ ቆማለች። «ይቺኛዋ እኔ ነኝ» አለች። ፎቶው ዛሬም ሱቋ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅሏል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ስድስት ዓመት አምቄው ኖሬአለሁ።

እናቴን መስኮት አጠገብ አነሳኋት። ነጭ ሻሽ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ከኋላዋ የጠዋት ፀሐይ። ነጭ በነጭ ሆነብኝና ሰረዝኩት። አመዴ ከጣልኩበት አወጣው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በምሳ ሰዓቱ፣ ዳቦውን በግራ እጁ ይዞ ታገለው። ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ፣ ጥላውን ጥቂት ከፍ። አይሆንም፣ እንደገና። የሻሿ እጥፋት ከመጋረጃው ተለየ። ከዓይኗ ሥር ያሉት መስመሮች ወጡ። ምን ልበላችሁ፣ እናቴ ከዚያ ነጭ ውስጥ ተነስታ መጣች።

ፎቶው ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ከሥሩ የእኔ ስም ብቻ ነበር። ሰው ከበበኝ። «ይህን ግራጫ እንዴት አገኘኸው?» አሉኝ። ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «ትዕግሥት ይጠይቃል» አልኩ። እኔ! አመዴ አጠገቤ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «አመድ አፋሽነቱ አልቀረልኝም» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አፍሬ ነበር፤ በሳቅ አለፍኩት።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ሲታመም ሦስት ጊዜ ላመሰግነው ሆስፒታል ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ካሜራ ባትሪ አውርተን ተመለስኩ። አንዲት ቃል እንዲህ ትከብዳለች?

ትናንት ይህን የምታዩትን የእሱን ፎቶ ላዘጋጅ ተቀመጥኩ። ልማድ አይለቅም፣ እስከ ጥጉ ጎተትኩት። የጦር አለቃ መሰለ። አመዴን ግን አልመሰለም። ቀስ በል ወንድሜ አልኩ ለራሴ፣ እሱ የለማ የሚለኝ። መለስኩት። ግራጫውን ሁሉ መለስኩለት። ያን ጊዜ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«የእኔን ፎቶ የሠራው እሱ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንተ እንደዚያ ታግሠህ አይተኸኝ አታውቅም፣ ልጄ።»

ይኸው እሷም ፊት ለፊቴ ናት። ሁላችሁም ስሙልኝ። ያ ፎቶ የአመዴ ነው። እኔ ቁልፍ ተጫንኩ፤ እናቴን ያያት እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ስሙን ከሥሩ ጽፌያለሁ፣ ከእኔ ስም አስቀድሜ።

አመዴ፣ ወንድሜ። ሰው ሲሸኝ አፈሩ ይቅለልህ ይባላል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሰውን ጥላ ስታቀልል ኖረሃልና፣ እኔ ጥላው ይቅለልህ እላለሁ። ቀስ ብለህ ሂድ፣ የሚያጣድፍህ የለም። ሆስፒታል ሦስቴ ይዤው መጥቼ ሦስቴ ይዤው የተመለስኩት ቃል ይኸውልህ።

አመሰግናለሁ።